የአባታችን ጠመንጃ፦ እናድሰው ወይስ እንለውጠው?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በሦስት የአንድ ቤት ልጆች ስም የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ “ከቤታችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና ታሪኩን ንገሩን” ብሎ ሲጠይቀን ሦስታችንም ሳንመካከር የሰጠነው መልስ አንድ ነበር። ሌሎች ቤተሰቦች ጀበና፣ መሶብ፣ የሠርግ ካባ ይዘው መጥተዋል። የእኛ ቤት ዕቃ ግን ወደ አዳራሽ የሚመጣ አይደለም፤ በብረት ሣጥን ተቆልፎበት ቤት ቀርቷል። የአባታችን የአደን ጠመንጃ ነው። አባታችን ራሳቸው እዚህ ፊት ለፊታችን ስለተቀመጡ ብናጋንን ወዲያው እንደሚያርሙን አንጠራጠርም።

እንደምታውቁት አባታችን መካኒክ ናቸው። ወደ አሩሻ የመጡት በ1980ዎቹ ነው። በንግግራችን የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውሳለን። ታንዛኒያ በ1973 ዘግታው የነበረውን አደን በ1978 ከፍታ ስለነበር የአደን ጉዞ ድርጅቶች ሥራ በዝቶላቸው ነበር። አባታችንም የላንድሮቨሮቻቸውን ሞተር እያወረዱ በመጠገን እኛን አሳደጉን። ጠመንጃውን የገዙት እርሻውን ሸጦ ወደ ሀገሩ ከሚመለስ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ፈቃዱን በስማቸው አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ፈቃዱ ሳይታደስ ያለፈበት ዓመት የለም።

ለልጆቹ ስለ ጠመንጃው ዓይነት ጥቂት እንበል። ማውዘር 98 ይባላል። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር የሠራው፣ የጀርመን ጦር በ1898 የተቀበለው ዓይነት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አያቶቻችን አድዋ ላይ ከያዙት መሣሪያ ብዙው ውጅግራ ነበር። ውጅግራ አንድ ጥይት ጎርሶ፣ ተኩሶ፣ እንደገና የሚጎርስ ነው። ማውዘር 98 ግን ጥይቶቹን ከሆዱ እየሳበ ያጎርሳል። የመቀርቀሪያው መንጠቆ ጥይቱን ገና ከመጋዘኑ ሲወጣ ይይዘዋል፤ ቀለሁን አውጥቶ እስኪጥል ድረስም አይለቀውም። ሰውየው ቢደነግጥ፣ ጠመንጃው ቢዘቀዘቅ ጥይቱ አይወድቅም። ዛሬም ድረስ ከትልልቅ አውሬ ፊት የሚቆሙ ሰዎች ይህን አሠራር የሚመርጡት ለዚህ ነው።

የአባታችን ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት 9.3 በ62 ይባላል። በ1905 በርሊን ውስጥ ኦቶ ቦክ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ አፍሪካ ለሚኖሩ ገበሬዎችና አዳኞች ብሎ ያዘጋጀው ነው። ብልሃቱ ርዝመቱ ላይ ነው፤ ሙሉ ጥይቱ 83.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በተራው የማውዘር መጋዘን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ውድ የሆነ ልዩ ጠመንጃ ማሠራት አላስፈለገም። ታንጋኒካ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን እጅ ስለነበረች ይህ ጥይት በአካባቢያችን ቀድሞ የታወቀ ነው። ልጆቻችን ለጉብኝት የሚሄዱበት፣ ዛሬ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሆነው የአሩሻ ቦማም ከዚያው ዘመን የቀረ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አንድ ዓመት የአደኑ ወቅት በጁላይ ሲከፈት፣ እንደ ልማዳችን ፈቃድ አውጥተን ከአባታችን ጋር ከአሩሻ በስተደቡብ ወዳለው የሲማንጂሮ ሜዳ ወረድን። አባታችን በመቶ እርምጃ ላይ የቆመ ቆርኬ ላይ ተኮሱ። እንዲህ ባለ ርቀት ስተው አያውቁም ነበር። ጥይቱ ግን ሆዱ ላይ አረፈ፤ እንስሳው ቆስሎ ሄደ። ደሙን ተከትለን ከረፋድ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ተጓዝን። በመጨረሻ አግኝተን ገላገልነው። አባታችን ግን ያን ቀን ሥጋውን አልቀመሱም። መኪና ውስጥ ሆነው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ልጆቼ፣ እጄ ሄዷል” አሉን።

በዚያ ሳምንት ጠመንጃውን ጠርገው ቆለፉበት፤ በዓመቱም አደን እንሂድ ስንላቸው እምቢ አሉ። እኛ ልጆች ደግሞ ስለ ጠመንጃው መከራከር ጀመርን። ታላቅ ወንድማችን “ጠመንጃው አርጅቷል፤ አዲስ .375 እንግዛላቸው” አለ። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም። የ.375 ጥይት በዚህ አካባቢ በቀላሉ ይገኛል፤ ብዙ የአፍሪካ ሀገሮችም ለጎሽና ለዝሆን አደን ከዚያ ያነሰ ካሊበር አይፈቅዱም። ታናሹ “የአባዬን ጠመንጃ እናድሰዋለን እንጂ ሌላ ብረት ቤት አይገባም” አለ። እህታችን “ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ አባዬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጠመንጃውን ለፖሊስ አስረክበን በሰላም እንኑር” አለች። ክርክሩ ገና በገና፣ ፋሲካ በፋሲካ ቀጠለ። አባታችን ዝም ብለው ይሰሙን ነበር።

ጉዳዩን የፈታችው እናታችን ናት። አንድ ቀን ቡና እያፈላች “የደከመው ሰውየው ነው ወይስ ጠመንጃው? መጀመሪያ ይህን ለዩ። በሽታውን ሳታውቁ መድኃኒት ትገዛላችሁ እንዴ?” አለችን። ሦስታችንም መልስ አልነበረንም። አንድ ዓመት ሙሉ ስንከራከር አንድ ጥይት እንኳ ወረቀት ላይ ተኩሰን አላየንም ነበር።

ወደ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሄድን። ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ፣ አነጣጥሮ በመተኮስ የሚታወቅ ሌላ ሰው በመቶ ሜትር ርቀት አምስት ጥይት ተኮሰበት። አምስቱ ቀዳዳዎች ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ተበተኑ። ከዚያ አባታችንን ለምነን፣ የዚያኑ ሰው ጠመንጃ ሰጥተን አስተኮስናቸው። አምስቱም ጥይቶች በአንድ የስኒ ማስቀመጫ ስፋት ውስጥ አረፉ። አባታችን ወረቀቱን ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እኛም ወደ ሌላ ዞር አልን። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ የነበሩት ያለ ጥፋታቸው ነበር።

እንግዲህ የደከመው ጠመንጃው መሆኑ ታወቀ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ “የትኛው ክፍሉ ነው የደከመው?” የሚል ነው። መጀመሪያ ያሳየነው አንድ ጋራዥ ብረቱን አጥቁሮ፣ እንጨቱን ቀብቶ አዲስ አስመስሎ መለሰልን፤ ብትንትኑ ግን ያው ነበር። በኋላ በሙያው የሠለጠነ የጠመንጃ ፉንዲ አገኘን። ፉንዲው እንደ ሐኪም ከራስ እስከ እግር መረመረው። ያየውን በየተራው እንንገራችሁ፤ ተመሳሳይ ዕቃ ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

አንደኛ፣ ዋናውን አካል ተመለከተ። ይህ መቀርቀሪያው የሚንሸራተትበት፣ ቁጥሩም የተቀረጸበት ብረት ነው። አባታችን በመካኒክ ቋንቋ “ሻንሲው” ይሉታል። ስንጥቅ የለውም፤ በእንጨቱ ተሸፍኖ በማይታየው በኩልም ዝገት አልበላውም።

ሁለተኛ፣ የመቀርቀሪያውን ጥርሶች አየ። ጥይቱ ሲፈነዳ ግፊቱን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ ጥርሶች ናቸው። የድሮ ማውዘር ብረት ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ለስለስ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጥርሶቹ የሚቀመጡበት ቦታ በጊዜ ብዛት ወደ ኋላ ሊረገጥ ይችላል። ቦታውን ለማስተካከል ብሎ በሞረድ የሚነካካ ሰው ጠንካራውን ልባስ ገፎ ጠመንጃውን ይገድለዋል። የእኛ ጠመንጃ አልተነካም፣ አልተረገጠምም።

ሦስተኛ፣ “ይግባ” እና “አይግባ” በሚባሉ ሁለት መለኪያዎች የጥይቱን ማደሪያ ለካ። በመጀመሪያው ላይ መቀርቀሪያው መዘጋት፣ በሁለተኛው ላይ አለመዘጋት አለበት። በሁለተኛውም ላይ ከተዘጋ ጥይቱ ማደሪያው ውስጥ ይላላል፤ ሲተኮስ ቀለሁ ተበጥሶ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። የእኛ በመጀመሪያው ተዘጋ፣ በሁለተኛው አልተዘጋም።

አራተኛ፣ እንጨቱ። በመቀርቀሪያው ጀርባ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው። ብረቱ እንጨቱ ላይ አጥብቆ ካልተቀመጠ በእያንዳንዱ ተኩስ ቦታውን ይለውጣል።

አምስተኛ፣ ጥይቱ የሚያልፍበት የብረት ቧንቧ። እዚህ ላይ ሁለት ችግር ተገኘ። ከማደሪያው ቀጥሎ ያለውን ክፍል ዝገት ቆፍሮታል፤ የአንድ ረጅም ዝናብ ወቅት ቸልተኝነት እንደሚበቃው ፉንዲው ነገረን። ጫፉ ላይ ደግሞ፣ አፈሙዙ ዘንድ፣ ክብ መሆን የሚገባው አፍ በአንድ ወገን ተበልቷል። “ይህን ጠመንጃ ከአፈሙዙ በኩል በብረት ዘንግ የሚወለውል ማን ነው?” ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ወደ አባታችን ዞርን።

አባታችን ከእያንዳንዱ አደን በኋላ፣ አንዳንዴም ያለ አደን፣ እሑድ እሑድ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በብረት ዘንግ ይወለውሉት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘንጉ አንዱን ጠርዝ ሲያሽ ኖሯል። የማውዘር መቀርቀሪያ እኮ ያለ ምንም መሣሪያ ወጥቶ ከኋላ በኩል ለማጽዳት ይመቻል። ጥይቱ አፈሙዙን ለቆ ሲወጣ የሚገፋው ጋዝ በዙሪያው እኩል ማምለጥ አለበት፤ ጠርዙ ከተበላ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ያዘነብለዋል። አባቶቻችን “ከአያያዝ ይቀደዳል” የሚሉት ለካ ቸልተኛውን ብቻ አይደለም፤ ወዳጁም ይቀደዋል። አባታችን ግን ሳቁና “ታዲያ ለአርባ ዓመት የሞተር ዘይት ስለውጥ ማጣሪያውን በተቃራኒ አስገብቼ አላውቅም፤ አንዱን ልሳት እንጂ” አሉ።

ከዚህ በኋላ ሦስት መንገድ ቀረበልን።

የመጀመሪያው የታላቅ ወንድማችን ሐሳብ ከታናሹ ጋር ታርቆ የመጣ ነበር፤ “ያው ጠመንጃ ይታደስ፣ ግን ወደ .375 ይለወጥ።” በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መስሎን ደስ አለን። ፉንዲው ግን ከለከለን። በ1912 ለንደን ውስጥ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የሠራው የ.375 ጥይት 91.4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከእኛው ጥይት ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። እሱን በተራ ማውዘር ውስጥ ለማስገባት ከዋናው አካል ብረት መፋቅ ያስፈልጋል፤ የሚፋቀውም የታችኛው ጥርስ ከሚደገፍበት አጠገብ ነው። “ብዙ ሰው አሠርቶታል፣ ብዙዎቹም ይተኩሳሉ፤ እኔ ግን ለአባቴ አልሠራውም” አለን። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሁለተኛው አዲስ ጠመንጃ መግዛት ነው። ሦስተኛው በዚያው በ9.3 ልክ አዲስ ቧንቧ ማስገባት፣ እንጨቱንም ማጠናከር። ሂሳቡን ስንሠራ መታደሱ የአዲሱን ዋጋ ግማሽ ያህል ሆነ። የምንመርጠው ቧንቧ የሚገባው በደቡብ አፍሪካ ስለነበረ የመላኪያው፣ የመውጫና የመግቢያ ፈቃዱ ወጪ ሲደመር ወደ ሦስት ሩብ ደረሰ። ስለዚህ በገንዘብ ብቻ ከሆነ ነገሩ አይቆርጥልንም ነበር። ማደስ ርካሽ ነው የሚሏችሁን አትመኑ።

የቆረጠልን “ጠመንጃው ከእንግዲህ ምን ሊሠራ ነው?” የሚለው ጥያቄ ነው። አባታችንን ጠየቅናቸው። “ጎሽ አላሳድድም፤ ዕድሜዬ አይደለም። በዓመት አንድ ቆርኬ፣ ቢበዛ አንድ ኢምፓላ። ደግሞ የልጅ ልጄን እንዴት መተው እንዳለበት ላስተምረው እፈልጋለሁ” አሉ። “መተው” ሲሉ አለመተኮስን ማለታቸው ነው። ለዚህ ሥራ 18.5 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 720 ሜትር ያህል የሚወረውር 9.3 ከበቂ በላይ ነው። ጎሽ ማደን ቢፈልጉ ኖሮ ታላቅ ወንድማችን ትክክል ይሆን ነበር፤ አዲሱን .375 እንገዛ ነበር። እህታችንም የጠየቀችው ተፈጸመላት፦ ጠመንጃው በብረት ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ እንዲሆኑ።

ቧንቧውን ከማዘዛችን በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ጠየቅን። ከ2015ቱ የታንዛኒያ የጦር መሣሪያና ጥይት ቁጥጥር ሕግ ወዲህ “አላወቅሁም ነበር” የሚል ሰው አያዋጣውም። የጠመንጃው ቁጥር የተቀረጸው ዋናው አካል ላይ በመሆኑ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ካሊበሩም አልተለወጠም። ይህ የወረቀቱን ሥራ አቀለለልን። ከናይሮቢ ለበዓሉ የመጣችሁ እንግዶቻችን እንደምታውቁት ኬንያ የስፖርት አደንን ከ1977 ጀምሮ ከልክላለች፤ ሀገር ቤትም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ በ2020 ወጥቷል። ድንበር በተሻገራችሁ ቁጥር ሕጉ ሌላ ነው፤ የጎረቤት ሀገር ልማድ ማስረጃ አይሆንም።

ዘጠኝ ወር ጠበቅን። ጠመንጃው ሲመለስ ወደዚያው መለማመጃ ሜዳ ወሰድነው። በመቶ ሜትር አምስት ጥይት፣ አራት ሴንቲ ሜትር። የተኮሱት አባታችን ናቸው። አሮጌው ቧንቧ በፊታችን በመጋዝ ተቆራርጦ ተወገደ፤ አባታችን ጣት የምታህል ቁራጭ ለምነው ወሰዱ። ዛሬ ጠረጴዛቸው ላይ የመብራት ክፍያ ደረሰኞች ይይዙባታል። የተበላው ጠርዝ እዚያው ላይ አለ፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ “ይህን የበላሁት እኔ ነኝ” እያሉ ያሳያሉ።

በተከታዩ ወቅት ሲማንጂሮ ወረድን። የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው አብሮን ነበር። አባታችን አንድ ቆርኬ ላይ አነጣጠሩ፤ ነፋሱ ሣሩን ያወዛውዘው ነበር፣ እንስሳውም ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጠበቁ። እንስሳው ሳይዞር ወደ ቁጥቋጦው ገባ። መቀርቀሪያውን ከፍተው ጥይቱን አወጡና ለልጁ ሰጡት። “ይሄ ነው” አሉት። በማግስቱ በአንድ ጥይት ሌላ ቆርኬ ጣሉ፤ ከቆመበት አሥር እርምጃ አልራቀም። ያን ቀን ሥጋውን በሉ።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከቤታችን ተሞክሮ ለእናንተ የሚጠቅመውን ባጭሩ እናስቀምጥ። ዋናው አካል ከተሰነጠቀ፣ ጥርሶቹ ወይም መቀመጫቸው ከተረገጡ፣ ዝገት በጥልቀት ከበላው ይለወጥ እንጂ አይታደስ፤ የአባት ትዝታ የሰው ዓይን አያተርፍም። ጥይቱ ከገበያ እየጠፋ ከሆነ፣ ወይም የምትሹት ሥራ ከጠመንጃው አቅም በላይ ከሆነም ይለወጥ። አካሉ ጤነኛ ሆኖ የደከመው ቧንቧውና እንጨቱ ከሆነ ግን መታደስ ይገባዋል። ከሁሉ በፊት ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ወረቀት ላይ ተኩሱ፣ አስለኩ። ሳይለኩ ማደስም ሳይለኩ መጣልም ያው ግምት ነው።

እኛ የምንቆጨው በገንዘቡ አይደለም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አባታችን “እጄ ሄዷል” ብለው በዝምታ ሲቀመጡ እኛ ስለ ካሊበር ስንከራከር መኖራችን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላና አሥር ጥይት ይበቃን ነበር። እናታችን ባትናገር ኖሮ ዛሬም እንከራከር ነበር።

ማኅበራችን በሃያ አምስተኛ ዓመቱ ምን ይታደስ፣ ምን ይለወጥ እያለ በሚመክርበት በዚህ ጊዜ፣ የእናታችንን ጥያቄ ለጠቅላላ ጉባኤው በአክብሮት እናቀርባለን። የደከመው የቱ እንደሆነ መጀመሪያ ይለይ።

አባዬ፣ ያጋነንነው ካለ አሁን ሊያርሙን ይችላሉ።